በሚጣ ደብተር ላይ ያለችው ጥቁር ሴትዮ

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፍልዎታለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። 34 ዓመቴ ነው። ከባለቤቴ፣ ከ7 ዓመት ልጄ፣ ከባለቤቴ ታናሽ ወንድምና ከቤት ሠራተኛችን ጋር ነው የምንኖረው። ልጄን ሚጣ ነው የምንላት። ያሳደገቻት እናቴ ናት። እኔ ሥራ ስውል ያበላቻት፣ ያጠበቻት፣ ከትምህርት ቤት ያመላለሰቻት እሷ ናት። የሚተኙትም አንድ አልጋ ላይ ነበር። ሚጣ እማማ ነው የምትላት።

እናቴ ከአምስት ወር በፊት አረፈች። ድንገት ነው። ሌሊት አመማት፣ ሆስፒታል ወሰድናት፣ በማግስቱ አጣናት። እህቴ መጥታ ሚጣን መገናኛ ቤቷ ወሰደቻት። ሠልስት እስኪወጣ እዚያው ቆየች። ስትመለስ የእድሩ ወንበሮች ገና ግቢ ውስጥ ነበሩ፣ ድንኳኑም አልተነሳም ነበር። «እማማስ?» አለች። «ጻድቃኔ ጠበል ሄዳለች» አልናት። ምን ልበላት? ሕፃን ናት።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ሌላ ልጅ ሆናለች። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን አልጋ ላይ ትሸናለች። ትታው የነበረ ነገር ነው። ጠዋት ጠዋት «ሆዴን» ትላለች። ወደ ሥራ ስወጣ ቀሚሴን ይዛ አትለቅም። መጀመሪያ አካባቢ «እማማ መቼ ነው የምትመጣው?» ትል ነበር። አሁን መጠየቅ አቁማለች። ባለቤቴ «አየሽ፣ እየረሳችው ነው» ይለኛል።

አሁን ደግሞ ሥዕል ጀመረች። የደብተሮቿ ጀርባ በሙሉ አንድ ዓይነት ሥዕል ነው። አንድ ቤት፣ ከአጠገቡ ትልቅ ሦስት ማዕዘን፣ ሥሩ የተደረደሩ ሰዎች። አፍም እጅም የላቸውም። መሃላቸው አንዲት ረጅም ሴትዮ፣ ከላይ እስከ ታች በጥቁር የተቀባች። አንድ ታክሲ አለ፣ ሾፌር የለውም። ከወረቀቱ ጥግ ላይ ትንሽዬ ልጅ።

አስተማሪዋ አስጠርታኝ «ቤት ውስጥ ምን ችግር አለ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እዚያው አለቀስኩ። ማታ ስልኬን ይዤ ስፈልግ አደርኩ። ጥቁር ቀለም ድብርት ነው ይላል። እጅ የሌለው ሰው የሚሥል ልጅ ጥቃት ደርሶበታል ይላል። ራሷን ትንሽ አድርጋ ከሣለች በራሷ አትተማመንም ይላል። ሠራተኛችንን በጎሪጥ ማየት ጀመርኩ። የባለቤቴን ወንድም እንኳ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጠረጠርኩ። ሚጣን «ማን ነው የነካሽ? ንገሪኝ!» ብዬ ሁለት ቀን ጨቀጨቅኳት። ዝም አለችኝ። ጎረቤቴ ደግሞ «ይሄ የሐኪም ነገር አይደለም፣ ጠበል ውሰጃት» ትላለች።

እኔም ደህና አይደለሁም። ከለቅሶው ጀምሮ ጥቁሬን አላወለቅኩም። ልጄ ፊት ግን አላለቅስም። ሦስቱን ሥዕሎች ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ። እባክዎ ምን እንደሚሉ ያንብቡልኝ።

እናት ነኝ፣ ከአራት ኪሎ»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ነፍስ ይማር። እናትሽን ነው ያጣሽው። ደብዳቤሽን ስጨርስ መጀመሪያ ልቤን የነካኝ ይሄ ነው። ስለ ሚጣ ይህን ሁሉ ጽፈሽ ስለ ራስሽ ሐዘን የጻፍሽው ሁለት መስመር ብቻ ነው። ለቀስተኛው ይበተናል፣ አርባው ያልፋል፣ ሰውም «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ ወደ ኑሮው ይመለሳል። አንቺ ግን ማታ ከሥራ ስትገቢ በር የምትከፍትልሽ እናት የለችም። ይህን ሳልል ወደ ሥዕሉ መግባት ከበደኝ።

ሥዕሎቹን አይቻቸዋለሁ። ደጋግሜ ነው ያየኋቸው። ግን «ያንብቡልኝ» ያልሽኝን አላደርገውም፣ አትቀየሚኝ። የልጅ ሥዕል እንደ ሲኒ አተላ የሚነበብ አይደለም። እኔ እዚህ ሆኜ «ይሄ እንዲህ ማለት ነው» ብልሽ ልክ እንደዚያ ሌሊት ስልክሽ ይሆንብሻል። አንዱን ፍርሃት ነቅዬ ሌላ እተክልብሻለሁ።

ያነበብሽው ዝርዝር ከየት እንደመጣ ልንገርሽ። ፍሎረንስ ጉዲናፍ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1926 ልጆች ሰው እንዲሥሉ አድርጋ የአእምሮ እድገታቸውን ለመለካት ሞከረች። እሷ የፈለገችው ልጁ ምን ያህል ነገር አስተውሎ እንደሚሥል ማወቅ ነበር፤ ጆሮ፣ ጣት፣ አንገት። በ1949 ደግሞ ካረን ማኮቨር የተባለች ሌላ ባለሙያ «የሰው ሥዕል የሠዓሊውን ውስጥ ያሳያል» የሚል መጽሐፍ አወጣች። እጅ ቢጎድል እንዲህ፣ ዓይን ቢተልቅ እንዲያ የሚባለው ትርጉም በጣም የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። በኋላ ላይ ተመራማሪዎች እነዚህን ምልክቶች አንድ በአንድ ሲፈትሹ ብዙዎቹ አልጸኑም። እጅ የሌለው ሰው የሚሥሉ፣ ምንም ያልሆኑ ልጆች ሞልተዋል። ከባድ ነገር ደርሶባቸው አሥር ጣት አስተካክለው የሚሥሉም አሉ። በ1968 በልጆች ሥዕል ላይ ሰፊ ሥራ ያሳተመችው ኤልዛቤት ኮፒትስ እንኳ በአንድ ምልክት ብቻ ተነስቶ ስለ ልጁ መወሰን እንደማይገባ ጽፋለች። ዝርዝሩ ግን እስካሁን ከስልክ ስልክ ይዞራል፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያለች እናትን ያስደነግጣል።

ደግሞ እጅ ለመሣል ከባድ ነው። ወረቀት አምጪና አሁን ሞክሪው። ትናንሽ ልጆች መጀመሪያ ሰው ሲሥሉ ትልቅ ጭንቅላት ያደርጉና እግሮቹን በቀጥታ ከጭንቅላቱ ያወጣሉ። ሆድ የለም፣ አንገት የለም። ይሄ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ሥዕል ነው፣ በየትም አገር። ሰባት ዓመት ላይ ብዙ ነገር ይጨመራል። ግን ሰልፍ ሙሉ ሰው የምትሥል ልጅ ለእያንዳንዱ እጅና አፍ ማድረግ ቢሰለቻት አይገርምም። ሥዕሉም ያለው ደብተር ጀርባ ላይ ነው አይደል? ምናልባት ክፍል ውስጥ አስተማሪዋ ዞር ስትል ተቻኩላ የሣለችው ይሆናል።

ታዲያ ሥዕሏ ምንም አይናገርም ማለቴ ነው? አይደለም። ሚጣ አንድ ሥዕል ደጋግማ ትሥላለች። ይሄን በቀላሉ አላየውም። ልጅ አንድን ነገር ሳይሰለች ሲደጋግም፣ በጨዋታም ይሁን በሥዕል፣ አብዛኛውን ጊዜ ያልተቋጨ ነገር ውስጡ አለ። ያ ነገር ምን እንደሆነ የምናውቀው ግን ወረቀቱን አፍጥጠን በማየት አይደለም። ሚጣ ስታወራው በመስማት ነው። በዚህ ላይ ጥሩ ማስረጃ አለ። የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት ትናንሽ ልጆችን የተደሰቱበትን፣ ያዘኑበትን፣ የፈሩበትን ጊዜ እንዲናገሩ ጠየቁ። ግማሾቹ ዝም ብለው ተናገሩ። ግማሾቹ እየሣሉ ተናገሩ። እየሣሉ ያወሩት ከእጥፍ በላይ ነገር ተናገሩ። እርሳሱ ምላሳቸውን ፈታው ማለት ነው። ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ስለሆነ የትልቁን ሰው ፊት አያዩም፣ አይጨነቁም፣ ጊዜ ያገኛሉ።

አንድ ልጅ ልንገርሽ። ካዛንቺስ ነበር የሚኖረው፣ ስምንት ዓመቱ ነው። ሰፈራቸው ሊፈርስ ነው በተባለ ሰሞን ነው ያገኘሁት። ቤት ይሥላል፣ ከቤቱ ሥር አራት ጎማ ያደርጋል። እናቱ «መኪና ይወዳል» አለችኝ። እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። «ስለዚህ ቤት ንገረኝ እስቲ» አልኩት። ጎማውን በጥቁር እየሞላ፣ ቀና ሳይል፣ «ሲመጡ እንዲሄድ ነው» አለኝ። ያን ቀን ስንት ዓመት የያዝኩት ማስታወሻ ደብተር ይህን እንደማይነግረኝ ገባኝ። እሱ ብቻ ነበር የሚያውቀው።

አሁን ወደ አንቺ ቤት ልመለስ። መልስ ሳይሆን ጥያቄ ነው የማመጣልሽ።

ጥቁር የተቀባችው ረጅም ሴትዮ ማን ትሆን? ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ዋዛ፣ «ከለቅሶው ጀምሮ ጥቁሬን አላወለቅኩም» ብለሻል። ሚጣ በየቀኑ የምታያት ረጅም ሴት አንቺ ነሽ። አምስት ወር ሙሉ ጥቁር ለብሰሽ ነው ያየችሽ። ልጅ ያየችውን ብትሥል፣ ጥቁሩ ከለር ሌላ ምን ያደርጋል? ሦስት ማዕዘኑስ? ከመገናኛ ስትመለስ ድንኳኑ አልተነሳም ነበር ብለሻል። ሥሩ የተደረደሩት ሰዎች ወንበር ላይ ይሆኑ? አፍ የሌላቸው ዝም ያሉ ሰዎች ስለነበሩ ይሆን? «እማማስ?» ብላ ስትጠይቅ ያ ሁሉ ሰው እርስ በርስ ሲተያይ፣ ዝም ሲል አይታ ይሆን? ይሄ የኔ ግምት ነው። ልክ ላይሆን ይችላል። ልክ ከሆነ ግን አንድ ነገር እናውቃለን። ሚጣ ያልተነገራትን አይታዋለች። አዲስ አበባ ያደገ የሰባት ዓመት ልጅ ድንኳንና ጥቁር ልብስ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። የሚያየውና የሚነገረው አልገጥም ሲለው ግን መጠየቁን ይተዋል። «መጠየቅ አቁማለች» ያልሽው ለእኔ መርሳት አይመስለኝም። ባለቤትሽ ክፉ አስቦ አይደለም፣ እሱም ልጁ ስትሰቃይ ማየት ከብዶት ነው።

ስለ ጥርጣሬሽ ግን ቆም ብለን እንነጋገር፤ ቀላል ነገር ስላልሆነ። እናት መጠርጠሯ አያሳፍርም። ይቅር በለኝ የሚያሰኝም አይደለም። ግን ከሥዕል ላይ የጎደለ እጅ ማስረጃ አይሆንም። በትኩረት የምታይው ሌላ ነው። ሰውነቷ ላይ ምክንያቱ ያልታወቀ ቁስል ወይም ሕመም፣ ከዕድሜዋ በላይ የሆነ የወሲብ ወሬ ወይም ድርጊት፣ አንድን ሰው ለይታ መፍራት፣ ከእሱ ጋር ብቻዋን አልቀርም ማለት፣ ወይም የራሷ ቃል። እንዲህ ያለ ነገር ካየሽ አትመርምሪያት፣ አታስምያት፣ ፎቶ አታንሺ። «ስለነገርሽኝ ጎበዝ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» በያት። ከዚያ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውሰጃት። ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናውም፣ የሥነ ልቦና ድጋፉም፣ የፖሊስና የሕግ ጉዳዩም አንድ ቦታ የሚታይበት ማዕከል እዚያ አለ። እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ ደግሞ «ማን ነው የነካሽ?» የሚለውን ጥያቄ ተዪው። ይሄ ጥያቄ መልሱን በውስጡ ይዟል። ትንሽ ልጅ የእናቷን ጭንቀት ለማስቆም ብላ ያልሆነውን «አዎ» ልትል ትችላለች። የሆነ ነገር ያለባት ልጅም ቢሆን እንዲህ ስትጨቀጨቅ ይበልጥ ትዘጋለች። በሁለቱ ቀን ስለሆነው ይቅርታ ብትጠይቂያት ጥሩ ነው። «ፈርቼ ነው የጮህኩብሽ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም» ይበቃል።

ሠራተኛችሁንም እስቲ ሌላ ዓይን ሰጥተሽ እይያት። ከእናትሽ ጋር ቀኑን ሙሉ አንድ ቤት የዋለችው እሷ ናት። እሷም ሰው አጥታለች። ሚጣ ቀን ቀን ምን እንደምትል፣ መቼ እንደምትከፋ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ትሆናለች። ቡና አፍልታችሁ ተቀመጡና ጠይቂያት፣ እንደ ተጠርጣሪ ሳይሆን እንደ ቤተሰብ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጊዜ ታገኛለሽ? አንድ ሰዓት ይበቃል። ነጭ ወረቀትና ከለር ግዢ፤ ደብተር ጀርባ ጠባብ ነው፣ እስክሪብቶም አንድ ቀለም ብቻ ነው ያለው። ጥቁር ቀለም ያበዛችው በእጇ ያለው ጥቁር እስክሪብቶ ብቻ ስለሆነ ሊሆንም ይችላልና ይሄንንም እናያለን። መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፉ። ስልክሽን ሌላ ክፍል አስቀምጪው። ፊት ለፊቷ አትቀመጪ፣ ጎኗ ሁኚ። አንቺም ሣዪ። አልችልም እንዳትዪ፣ ባትችዪ ይሻላል፣ እሷ ታርምሻለች። መጀመሪያ ቀለል ባለ ጨዋታ ጀምሩ። አንዷ ዓይኗን ጨፍና መስመር ታጭራለች፣ ሌላዋ ከዚያ መስመር የሆነ ነገር ታወጣለች፤ ወፍ፣ ጫማ፣ እባብ። ከዚያ ተቀያየሩ። ዊኒኮት የሚባል እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም ከልጆች ጋር ለመግባባት ይጠቀምበት የነበረ ጨዋታ ነው። ያሥቃል። ከሣቀች ደግሞ ግማሹ መንገድ አለቀ።

ስትሥል «ይሄ ምንድን ነው?» አትበያት። ፈተና ይመስላታል። «ስለ ሥዕልሽ ንገሪኝ» በያት። ከዚያ ጠብቂ። ዝምታው ቢረዝምም ጠብቂ። ካወራች በኋላ በሥዕሉ ላይ ስላለችው ልጅ ጠይቂ እንጂ ስለ ሚጣ አትጠይቂ። «ይቺ ልጅ ምን እያየች ነው? ታክሲው ወዴት እየሄደ ነው? ቤቱ ውስጥ ማን አለ? ቀጥሎ ምን ይሆናል?» ይሄ ሁሉ በአንድ ቀን አይጠየቅም፤ አንድ ሁለቱ ይበቃል። ከፈቀደችልሽ የምትለውን ቃል በቃል ሥዕሉ ሥር ጻፊው። አታሳምሪው። መልሰሽ አንብቢላት። አንድ ልጅ የራሱ ቃል ሲነበብለት ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ታይዋለሽ። «ጎበዝ፣ እንዴት ያምራል!» እያልሽም አታቋርጫት፣ ደስ እንዲልሽ ብላ አበባ መሣል ትጀምራለች። ሥዕሏን ሳትጠይቂያት ግድግዳ ላይ አትስቀይው፣ ለዘመድም በቴሌግራም አትላኪው። ለእኔ የላክሽልኝንም ንገሪያት፣ እባክሽ።

መሣል ካልፈለገች ተረት አለልሽ። ለዚህ እኛ ከማንም አናንስም። «ተረት ተረት» ስትያት «የላም በረት» ማለቷ አይቀርም፣ እናትሽ ሳታስተምራት አትቀርም። ግን ዛሬ ተረቱን ሚጣ ታውራ። «አንዲት ትንሽ ጥንቸል ነበረች» ብለሽ ጀምሪላትና ተዪላት። ልጆች ስለ ራሳቸው የማይሉትን ስለ ጥንቸልና ስለ ጦጣ ይላሉ። ጥንቸሏ ልጆቿ ጠፍተውባት ሊሆን ይችላል። ጅብ ሊመጣ ይችላል። ጉድጓድ ውስጥ ልትቀር ትችላለች። አትደንግጪ፣ አታርሚ። ስትጨርስ አንቺ በተራሽ ያንኑ ተረት፣ በእነዚያው እንስሳት፣ ትንሽ ለወጥ አድርገሽ አውሪላት። ጉድጓዱ ውስጥ ድምፅ የሚሰማ ሰው ይምጣ። እ.ኤ.አ. በ1971 ሪቻርድ ጋርድነር የሚባል አሜሪካዊ የልጆች የአእምሮ ሐኪም ይህን መንገድ በመጽሐፍ አስቀምጦታል፣ ልጅ ያወራል፣ ትልቅ ሰው በተረት ይመልሳል። የኛ ተረት መጨረሻው ላይ ምክር አለው፤ በዚህኛው ግን ምክሩን ተዪው። «ስለዚህ ልጆች…» የሚለው ሲመጣ ሚጣ ጥንቸሏ እሷ እንደሆነች ትነቃለች፣ ትሸሻለች። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብለሽ ዝጊውና ዳቦውን ብሉ።

ይህ ሁሉ ግን አንድ ነገር ካልተደረገ አይበቃም። ታውቂዋለሽ ብዬ አስባለሁ። ለዚህም ይሆናል የጻፍሽልኝ።

ሚጣ እማማ እንደሞተች መስማት አለባት። ካንቺ አፍ።

ጻድቃኔ ያላችኋት በፍቅር ነው። እኛ አገር ልጅን ከሞት መሸሸግ ልማድ ነው፣ እኔም ልጅ ሆኜ «ገጠር ሄደ» ተብዬ አውቃለሁ። ግን በሚጣ ቦታ ሆነሽ እይው። የምትወዳት ሰው ሳትሰናበታት ጠበል ሄደች። አልተመለሰችም። አልደወለችም። ታዲያ «እማማ ለምን ተወችኝ? ምን አድርጌያት ነው?» ብትል ይፈረድባታል? አንቺም በየጠዋቱ ትወጪያለሽ። ቀሚስሽን ይዛ የማትለቀው የሄደ ሰው እንደማይመለስ ስላየች ይሆን? ጎረቤትሽ ያለችውን ጠበልም በዚህ ዓይን ተመልከችው። እምነትሽ ነው፣ አልቃወምም። ግን አሁን ለሚጣ ጠበል ማለት ሰው ሄዶ የሚቀርበት ቦታ ነው። እውነቱን ሳትሰማ ብትወስጂያት ምን እንደምታስብ አስቢው።

እንዴት ትነግሪያታለሽ? ከመኝታ ሰዓት በፊት አይሁን። ጠዋት ይሁን፣ ቀኑ ረጅም ሆኖ አብራችሁ የምትውሉበት። ባለቤትሽ አጠገባችሁ ይቀመጥ። አጭርና ግልጽ አድርጊው። «ሚጣዬ፣ ጠበል ሄደች ያልኩሽ ልክ አልነበረም። ፈርቼ ነው። ይቅርታ። እማማ በጣም ታማ ነበር። ሐኪሞች ሞከሩ፣ አልቻሉም። ልቧ መምታት አቆመ። ሞተች።» ሞተች የሚለውን ቃል አትዝለይው። «ተኝታለች» ካልሻት እንቅልፍ ትፈራለች። «እግዚአብሔር ስለወደዳት ወሰዳት» ካልሻት ደግሞ ቀጥሎ የሚወሰደው ማን እንደሆነ ማሰብ ትጀምራለች። እምነታችሁን ንገሪያት፣ ነፍሷ የት እንዳለች የምታምኚውን በያት፤ ግን መጀመሪያ ግልጹ ቃል ይቅደም። በዚህ ዕድሜ ልጆች ሞት የማይመለስ መሆኑ፣ የሞተ ሰውነት እንደማይራብ፣ እንደማይበርደው እየገባቸው ይመጣል። ስለዚህ «መሬት ውስጥ አይበርዳትም?» ብትልሽ አትደንግጪ። «አይበርዳትም፣ አይርባትም፣ አያማትም» በያት።

ሳትጠይቅሽም አንድ ነገር በያት፤ «እማማ የሞተችው አንቺ በሠራሽው ነገር አይደለም»። ልጆች ይህን ጥያቄ በውስጣቸው ይይዙታል፣ አያወጡትም።

ታለቅስ ይሆናል። ወይም «እሺ» ብላ ልትጫወት ትሄድ ይሆናል። ሁለቱም ያለ ነው። ልጅ ሐዘንን ትንሽ ትንሽ ነው የሚቀምሰው፤ ማታ ሲመገብ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ድንገት ይመጣበታል። አንቺም እንባሽ ከመጣ አትደብቂው። «እማማ ናፍቃኝ ነው» በያት። አፍ የሌላቸው ሰዎች መሃል አፍ ያላት አንድ ሰው ታገኛለች።

ከዚያ በኋላ የተነፈገችውን መሰናበት ስጧት። መቃብሯ ወዳለበት ቤተ ክርስቲያን ውሰዷት፣ ጧፍ ታብራ። የሣለችውን ሥዕል ልታስቀምጥላት ከፈለገች ትተወው። የእናትሽ ነጠላ አለ? አንዱን ስጫት፣ የሷ ይሁን። ሙት ዓመቱ ሲደርስ ወደ መገናኛ እንዳትልኳት። ቆሎ ታዙር፣ እንግዳ ትቀበል።

አልጋ ላይ ስለ መሽናቱ አትቆጫት፣ ሰው ፊትም አታንሺው። ግን ሕፃናት ሐኪም ይያት፤ የሽንት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ የሆድ ሕመሙም ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ሁሉን ነገር ከሐዘን ጋር ማያያዝም ስህተት ነው። አስተማሪዋ ደግሞ መልካም ሰው ትመስለኛለች፣ ደብተሩን ዝም ብላ አላለፈችውም። ተመለሺና «አያቷን አጥታለች» በያት። የጎደላት ይሄ ነበር።

ከነገርሻት በኋላ አንድ ወር፣ አንድ ወር ተኩል ያህል ጠብቂ። መጀመሪያ ላይ ሊብስባት ይችላል፤ ቀስ በቀስ ግን ማቅለል አለበት። ካልቀለለ፣ ወይም መብላትና መተኛት ከተወች፣ ከጓደኞቿ ከሸሸች፣ ወይም «እኔም መሞት እፈልጋለሁ» ካለች ሳትውይ ሳታድሪ ባለሙያ ጋ ሂዱ። «እማማ ጋ መሄድ እፈልጋለሁ» ብትል ናፍቆት ሊሆን ይችላል፤ ግን አትለፊው፣ ረጋ ብለሽ ጠይቂያት። ለእናንተ የሚቀርበው ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል ነው፣ አንድ ታክሲ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም አማኑኤልም አሉ። ልጆች የሚታዩበትን ቀን አስቀድመሽ ጠይቂ፣ እንዳትመላለሺ። ሥዕሎቹንም ይዘሽ ሂጂ። ባለሙያው ሥዕሉን ብቻ አይቶ ሊፈርድ ከፈለገ ግን ቃሎቿን የጻፍሽበትን አሳይው።

አንቺስ? ስለ እናትሽ የምታወሪው ሰው አለሽ? እህትሽ መገናኛ አለች። የሚቀጥለውን እሑድ እሷ ጋ ብትውዪ፣ ሁለታችሁ ብቻ፣ ያን ሌሊት መልሳችሁ ብታወሩት? ጥቁሩን መቼ እንደምታወልቂ ያንቺ ነው። ለሚጣ ግን ለምን እንደለበስሽው ንገሪያት።

አንድ የቀረኝ አለ። ሦስተኛው ፎቶ ላይ፣ ጥጉ ላይ ካለችው ትንሽ ልጅ እግር አጠገብ፣ ትንሽዬ ክብ ነገር አለች። በእስክሪብቶ ደጋግማ ዞራባታለች፣ ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሷል። ጎኗ ላይ የሆነ ጆሮ መሳይ ነገር አለ። ጀበና ትሁን፣ ቦርሳ ትሁን፣ ምን ትሁን አላወቅኩም። ቅዳሜ ስትቀመጡ እሷን ጠይቂልኝ።